ላርጅ የተጻፈበት ቀሚስ

ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ተማሪዎቼ በአንድ ነገር ያሙኝ ነበር፤ ቲቸር ሱራያ ሌላውን ቃል ሁሉ እየሮጠች ታልፍና «ላርጅ» ላይ ስትደርስ ደወል እስኪደወል አትነቃነቅም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። «ትልቅ ማለት ነው» ብዬ ባልፈው ማንም አይከሰኝም ነበር። ግን እኔ ይህን ቃል በዐሥር ዓመቴ፣ ቤታችን ውስጥ ከእኔ በቀር የፈረንጅ ፊደል የሚለይ በሌለበት፣ አንብቤው ጉድ ያፈላሁ ሰው ነኝ። እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው?

ጊዜው ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። አባቴ ነዚፍ ዲላ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። የታላቅ ወንድሙ የአጎቴ የከሊፋ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ውሎው እዚያው ነበር። በገበያ ቀን ከጪጩም ከቡሌም የመጣ ሰው በረንዳውን ይሞላዋል። ለልጁ ልብስ የሚያሰፋ ወላጅ ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል አለው፤ «ማደጊያ ተውለት» ይላል። ልብሱ በሚቀጥለው ዓመት እንዳያጥር ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ያ ነው ማደጊያው። ከቡሌ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ ነበረችው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። ልጇን ፊቱ ታቆምና «እሱ ልጅ ቶሎ ታድጋለች፣ ብዙ አጥፍልኝ» ትለዋለች። አባቴም ሳይስቅ «ታድጋለች፣ ብዙ አጥፍላታለሁ» ይላታል። ሰው ማሳፈር አያውቅም ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረው፤ የዚያ ዘመን ሰፊዎች ብዙዎቹ የሚያደርጉት ነው። ሰልባጅ ኮት ሊያስተካክሉ ሲፈቱ አንገቱ ላይ ያለችውን ጽሕፈት ያለባትን ቁራጭ ጨርቅ አይጥሏትም። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሟታል። ከዚያ ለሚወዱት ሰው አዲስ ልብስ ሲሰፉ ከቆርቆሮው አንዷን መርጠው አንገቱ ላይ ይሰፉለታል፤ በውስጥ በኩል ሳይሆን በውጭ፣ ማጅራቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያት። ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። ጽሕፈት ያለው ልብስ የፈረንጅ ልብስ ነው፣ በቃ። ከይርጋጨፌ የሚመጣ አንድ የተከበረ የቡና ነጋዴ ትዝ ይለኛል፤ አባቴ የሰፋለትን ኮት ለብሶ ሲንጎራደድ ከተማው ይደነቅለት ነበር። እንግሊዝኛው ሲገባኝ ጊዜ ለካ ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት «በውሃ አይታጠብ» የሚል ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ኖሯል።

እንግሊዝኛ ያስጀመሩን መምህር ይርጉ ናቸው። የቡሌ ሰው ነበሩ፤ ሚሲዮን ያስተማራቸው፣ ቀጭን። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉልን። ትንሹን እየነኩ «ስሞል»፣ ትልቁን እየነኩ «ላርጅ» አሉ፤ እኛም ጣራው እስኪነቃነቅ ተቀበልናቸው። ሦስተኛ ክፍልን ስጨርስ ከእነዚህ ጋር ሃያ የሚሆኑ ቃላት ይዤ ከዲላ ሊቃውንት አንዷ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

በዚያ ክረምት አባቴ ወፈረ። ፊቱ ሞላ፤ እግሩ ከጫማው አልገባ ብሎ ማሰሪያውን ፈትቶ መሄድ ጀመረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የማውቃቸው ሀብታሞች ሁሉ ወፍራሞች ነበሩና ሊያልፍልን ነው ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። አጎቴ ከሊፋ በጭነት መኪናው ይዞት ይርጋለም ሄደው አንድ ሳምንት ሲቆዩ ክር ሊገዙ የሄዱ መሰለኝ። ሲመለሱ ግን ክር አልያዙም። እናቴ ሀጅራ ለአባቴ ለብቻው በትንሽ ድስት ወጥ መሥራት ጀመረች። አትንኪ ስትለኝ የተለየ ምግብ መስሎኝ ሰርቄ ቀመስኩት፤ ጨው የሚባል አልነካውም፤ እናቴ ሙያ ረስታለች ብዬ አዘንኩላት። ያ ውፍረት ውሃ ነበር። ልቡ ደክሞ ኖሯል፤ ይርጋለም ያሉት ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነግረውታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያው ክረምት ጀሚሊያ መጣች። ጀሚሊያ የአጎቴ የከሊፋ ልጅ ናት፤ አገር ቤት ከአያቷ ጋር አድጋ በዐሥራ አምስት ዓመቷ አባቷ ወደ ዲላ አመጣት። አጎቴ ሚስቱ ስለሞተችበት የምታድረው እኛ ቤት፣ ከእኔ ጋር አንድ መደብ ላይ ሆነ። ረጅም ናት፣ ሥራ ላይ ፈጣን ናት፣ ሁሉም ሰው ጀሚሊያ ጀሚሊያ ይላል። ፊደል ግን አልቆጠረችም። እውነቱን ልናገርና፣ ቅናት አንጀቴን በላው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰው አላስወጣ ብሎ አባቴ ሥራ ፈትቶ ነበር። ጀሚሊያን ወደ በረንዳው ጠራትና ቀጥ ብላ እንድትቆም ነግሮ ለካት። ከትከሻዋ እስከ ባቷ፣ ወገቧን፣ ክንዷን፣ አንድም ሳያስቀር። እየለካ በጠመኔ ይጽፋል። እኔም ተራዬን ልጠብቅ አጠገባቸው ተገትሬያለሁ። ሲጨርስ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለኝ።

ያ መልስ አልተዋጠልኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የባሰውን ሰማሁ። አባቴ፣ እናቴና አጎቴ ጓዳ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ባቄላ እፈለፍላለሁ። አጎቴ ሴት ልጅ ስሟን መጻፍ ከቻለች ይበቃታል፣ ከዚያ ወዲያ ሱቅ ትርዳና ጊዜው ሲደርስ ትዳሯን ትያዝ ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነው የሚያስበው። አባቴ እያረፈ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ መለሰለት።

«ልጅቷ ትማር። ዩኒፎርም የላትም ብለው ከበር እንዳይመልሷት ከወዲሁ እሰፋላታለሁ። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም።»

እናቴ አለቀሰች።

እኔ እንግዲህ በዐሥር ዓመት ጭንቅላቴ ሒሳቡን ሠራሁት። ቤቱ ውስጥ ስሟን የምትጽፈው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «ይበቃታል» የተባለው ለእኔ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው ጀሚሊያ ናት፤ ስለዚህ «ትማር» የተባለው ለእሷ ነው። የተለካችውም እሷ ናት። እናቴ ያለቀሰችው ለእኔ አዝና ነው። መስከረም ሲጠባ እሷ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ የአጎቴን ሱቅ እጠርጋለሁ። ስንት ቀን መሬቱን ስረግጥ አይሰማኝም ነበር። ትምህርት ቤት ማለት ለእኔ ሁሉ ነገሬ ነበር።

ቀሚሱን ያገኘሁት በጳጉሜ ነው። አባቴ የቀትር ሰላት ሊሰግድ ወጥቶ በረንዳውን ጠብቂ ብሎኝ ነበር። መኪናው ላይ ሰማያዊ ካኪ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም። አንስቼ በላዬ ላይ አጠለቅሁት። ጫፉ መሬት ጠረገ። እጅጌው ጣቶቼን ሁሉ ውጦ ተንጠለጠለ። አውልቄ ሳየው አንገቱ ላይ፣ ቀይ መደብ ላይ በወርቅማ ክር የተጠለፈች ቁራጭ ተሰፍታለች። ከቆርቆሮው ውስጥ ካሉት ሁሉ እንደሷ የምታምር አልነበረችም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ላርጅ።

የመምህር ይርጉ ትልቁ ክብ ፊቴ ድቅን አለ። ላርጅ ማለት ትልቅ። ቤታችን ውስጥ ያለነው ሴት ልጆች ሁለት ነን፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የጀሚሊያ መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፈውበታል! ለዚያውም ያቺን የወርቅ ክር ለእሷ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

የአባቴን ትልቁን መቀስ መንካት ክልክል ነበር። አነሳሁት። ቀሚሱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ከእኔ ቁመት በላይ የሆነውን ሁሉ ከታች ቆረጥኩት። ካኪ ጠንካራ ነው፤ በሁለት እጄ እየተጫንኩ፣ እየተጣመመብኝ፣ እየሳትኩ እየደገምኩ ቆረጥኩት። ለእኔ ልክ ከሆነ ለእሷ አይሆንማ! የታችኛውን ጨርሼ ወደ እጅጌው ስዞር የአባቴን እግር አየሁ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«መቀሱን አስቀምጪው» አለኝ በቀስታ።

ቀበቶውን እስኪፈታ ጠበቅሁ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አባቴ ወለል ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። የቆረጥኩትን ቁራጭ ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ያስተካክለው ጀመር። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም። ከቁጣ የሚብስ ነገር ነበረበት፤ ያኔ ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ሁሉንም አፈሰስኩለት፤ ከመጋረጃው ኋላ የሰማሁትን፣ ልኬቱን፣ ሱቅ መጥረጉን፣ ጀሚሊያን።

«ለጀሚሊያ ነው ያለሽ ማነው?»

«ተጽፎበታል» አልኩት እያለቀስኩ።

ቀሚሱን ወደ እሱ ሳበና ያቺን የወርቅ ክር አያት። «ምን ይላል?»

«ላርጅ። ትልቅ ማለት ነው።»

አባቴ አንዴ ጽሕፈቷን አየ፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ትንፋሹን እስኪቆርጠው ሳቀ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያርፍ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ሲስቅ ያለቀሰ መሰለኝ።

«ያንቺ ነው» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ክሩ አምሮኝ ነው። ገና አላጠፍኩትም እንጂ ወደ ውስጥ አጥፌ ልክሽ አደርገዋለሁ። ማደጊያ ነው የተውኩልሽ።»

«ይሄን ሁሉ?»

«ይሄን ሁሉ።»

«በየዓመቱ አዲስ ብትሰፋልኝ አይሻልም?»

ጠመኔውን ይፈልግ ጀመር፤ መኪናው ሥር፣ ኪሱ ውስጥ፣ ከጨርቁ በታች። ጠመኔው እጁ ላይ ነበር።

በዚያው ከሰዓት ቀሚሱን ጠገነው። ጥርስ የበላው የመሰለውን የእኔን አቆራረጥ ከሁለቱም ወገን ከርክሞ አስተካከለ። ከዚያ ቁራጩን ቦታው መለሰና እንዳይተረተር ጠርዙን ደራርቦ ሊሰፋው ተዘጋጀ። እግሩ ግን መኪናውን ሊረግጥለት አልቻለም። የመኪናዋን ጎማ አንቺ በእጅሽ አዙሪልኝ፣ እኔ ጨርቁን ልያዝ አለኝ። ያቺን ጎማ ለማዞር ስንት ዓመት ለምኜው እምቢ ብሎኝ ያውቃል! ጥፋት አጥፍቼ በመሸለሜ እየተገረምኩ አዞርኩ። «ቀስ» ሲለኝ ቀስ፣ «ቁሚ» ሲለኝ ቆምኩ። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ካኪው ከእጁ ሥር እየሾለከ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ጊዜ ስለመኖሩ እንጃ። መኪናዋ ላይ ሲቀመጥ ያ የመጨረሻው ነበር።

መስከረም ላይ ወደ አራተኛ ክፍል ገባሁ። ከሥርም፣ ከጎንም፣ ከእጅጌም የታጠፈው ጨርቅ ብዙ ስለሆነ ቀሚሱ ተነፍቶ ይቆማል፤ ሰልፍ ላይ ስቆም ሁለት ሰው እመስላለሁ። ማጅራቴን ያነበበ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ላርጅ» አለኝ፤ እስከ እረፍት ድረስ ግቢው በሙሉ ስሜን ረሳው። ሄጄ ለመምህር ይርጉ ከሰስኩ። እሳቸው ልጆቹን ሳይቆጡ ከሚሲዮን የተዋሱትን ወፍራም መዝገበ ቃላት ይዘው ክፍል ገቡ።

«ቢግ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይህ መጽሐፍ ራሱ አያውቅም አሉ፤ ድሮ ብርቱ ሰው ማለት ነበር፣ በኋላ ለመጠን ሆነ። ላርጅ ግን አገሩ ይታወቃል። ከሮማውያን ወደ ፈረንሳዮች፣ ከፈረንሳዮች ወደ እንግሊዞች የተሻገረ ነው። ሲነሳ ስለ መጠን አልነበረም፤ የተትረፈረፈ፣ ሰጥቶ የማይሰስት፣ እጁ የተፈታ ሰው ማለት ነበር። በኋላ ነው ለሸሚዝና ለቤት የወረደው። ታላቅ እህታችሁንም ቢግ ሲስተር በሏት እንጂ ላርጅ ሲስተር እንዳትሏት፣ ወፍራም ብላችሁ ትሰድቧታላችሁ አሉን። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቃሉን እንዳይፈስብኝ ይዤው ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ በዚያን ጊዜ ከቤት መውጣት ትቷል። አልጋው ላይ ትራስ ተደራርቦለት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔን ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከተጋደመ መተንፈስ እንደማይችል ማን ነገረኝ? የመምህር ይርጉን ትምህርት አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ፈረንጆቹ ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«መጽሐፍ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ያቺን ጽሕፈት አትፍቻት» አለኝ። «ይሳቁ። ምን ቸገረሽ።»

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ ከተማው በሥራ በሚተራመስበት ሰሞን፣ አባቴ ሞተ። በቀጣዩ ክረምት አጎቴ ከሊፋ ልጅቷ እንግዲህ ሱቅ ትርዳኝ ብሎ እናቴን ሊያነጋግራት መጣ። እናቴ አልተከራከረችውም። ጓዳ ገብታ የቀሚሱን አንድ እጥፋት ፈትታ፣ ተኩሳ፣ አልብሳ ፊቱ አቆመችኝ። አጎቴ የወንድሙን ስፌት አየና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። በየክረምቱ መጣ፤ በየክረምቱ እናቴ አንድ እጥፋት ፈታች። አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ካኪው ነጣ፣ ክርኑ ተለጠፈ፣ እኔ ግን ከበር አልተመለስኩም።

የስምንተኛ ክፍል ዋዜማ እናቴ የመጨረሻውን እጥፋት ፈታች። ጀሚሊያ ያኔ አግብታ ልጅ ወልዳ፣ ልጇን አዝላ ልትጠይቀን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ለበስኩት። ትከሻው ልክ ነው፤ እጅጌው አንጓዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ወገቡ አልጠበበም፣ አልሰፋም። ጫፉ ብቻ አጠረ። ጀሚሊያ ልጇን እንዳዘለች ጎንበስ አለችና ማለቅ ካለበት ቦታ እስከ ጫፉ ለካችው፤ ሁለት ጣት።

«እንዴት ይሆናል?» አለች። «አጎቴ ነዚፍ እኮ በእኔ ነው የለካልሽ። ያን ቀን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሱራያ አንቺን ስታህል እኔ አልኖርም፣ በአንቺ ላይ ልያትና ቁሚልኝ አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። አሁን ቁመታችን እኩል ነው፤ ልክ መሆን ነበረበት።»

እናቴ አድገሽ አልፈሽው ነው፣ እሰየው ነው እንጂ አለች። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ቀሚሱ መካከል ላይ ዙሪያውን የሚሄደውን መጋጠሚያ አየሁት። አባቴ የእኔን ጥርስ የበላው አቆራረጥ ከርክሞ፣ ደራርቦ የሰፋበት ቦታ ነው። ሁለት ጣት ጨርቅ የገባው እዚያ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቁራጩን በመዳፉ ሲያስተካክል ፊቱ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ የሚተካበት ጨርቅም ጊዜም አልነበረውም። ቀሚሱን እንደለበስኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴን ያን ቀን ቀበርኩት ማለት ይቻላል።

እናቴ ከሌላ ጨርቅ ልቀጥልልሽ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በዚያው ቀሚስ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ግቢው ውስጥ አጠረብሽ እያሉ የሳቁብኝ ነበሩ። አባቴ ለክቶ ነበር። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።